ጾሙ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ከአንዲት እናትና ከዐሥራ ሁለት እንቁላል የመጣ ነው።

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ነበር፤ ምኩራብ። ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ ለአገልግሎት ሄጄ ስመለስ፣ አስከተማ ላይ መኪና እስኪመጣ ገበያው ዳር ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ አንዲት እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት እንቁላል ይዛ ተቀምጣለች። ቆጠርኩት፤ ዐሥራ ሁለት ነው። በጾም እንቁላል ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ወርዷል። ቢሆንም ጨውና በርበሬ፣ ሳሙናም መግዛት አለባትና ሸጣ መሄዷ ግድ ነው።

ልጁን አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ልጅ ቢሆን እንቁላሉን ሊይዝ፣ ገለባውን ሊበትን ይጣደፍ ነበር። ይኼኛው እንዳስቀመጡት ቁጭ አለ። ጠጉሩ ሳሳ ያለ፣ ክንዱ ቀጭን ነው።

«እኅቴ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።

«ለጥምቀት ዓመት ሞላው፣ የኔታ።»

«ምን ይበላል?»

«እኛ የምንበላውን ነዋ! ሽሮውን አቅጥኜ እንጀራ ፈትፍቼ አጎርሰዋለሁ። ጡትም ይጠባል፤ ግን ወተቴ ቀንሷል።»

«ከዚህ እንቁላል አይቀምስም?»

ደነገጠች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዙሪያዋን አየች። «ምን ማለትዎ ነው የኔታ? በሁዳዴ? ድስቴን ላስገድፈው? ጎረቤትስ ሽታው ሲሸተው ምን ይለኛል?»

መኪናው መጣና ተለያየን። እኔ ግን እስከ ሰቆጣ ድረስ ያ ልጅ ከፊቴ አልጠፋም። እናቱ የምትጾም ናት፤ እግዚአብሔር ጾሟን ይቀበልላት። ነገር ግን ያ ሕፃን እየጾመ ያለው የማንን ጾም ነው? ሰው በሌላ ሰው ሥጋ መጾም ይችላልን? ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ጾምን የሚነቅፉ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አይደለም። ጾምን የምንወድ ሰዎች ልናነሣው የሚገባ ጥያቄ ነው።

እስኪ በመጀመሪያ ስለ ምግቡ እንነጋገር፤ የሥጋን ነገር ሳያውቁ ስለ ሥጋ መፍረድ አይቻልምና። በልጅነታችን ትምህርት ቤት ምግብ በሦስት ይከፈላል ተብለን ተምረናል፦ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ገንቢ የተባለው ፕሮቲን የሚበዛበት ምግብ ነው። ጡንቻችን፣ ቆዳችን፣ ጠጉራችን፣ በደማችን ውስጥ አየር የሚሸከመው ነገር፣ በሽታን የሚዋጉት የሰውነት ወታደሮች ሁሉ የሚሠሩት ከፕሮቲን ነው። በማኅፀን ያለ ፅንስም የሚሠራው ከእናቱ በሚያገኘው ገንቢ ምግብ ነው። የበላነው ፕሮቲን በሆድ ውስጥ ይፈጭና አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል። እነዚህ ሃያ ያህል ዓይነት ናቸው። ከሃያዎቹ ዘጠኙን ሰውነታችን በራሱ መሥራት አይችልም፤ የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው።

ነገሩ ቤት እንደ መሥራት ነው። ምሰሶው ሞልቶ ማገሩ ቢጎድል ቤቱ አይቆምም። ጤፍም ገብስም ማሽላም ፕሮቲን አላቸው፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። በተለይ ማሽላ። ባቄላ፣ ምስር፣ አተርና ሽምብራ ደግሞ ላይሲን ሞልቶላቸው ሜቲዮኒን የተባለው ይጎድላቸዋል። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ግን የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ማለት ይኼ ነው። የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ማለት ይኼ ነው። ለጸሎተ ሐሙስ ስንዴና ባቄላ አብረን ቀቅለን የምንበላው ጉልባንም እንዲሁ ነው። ስልጆን ተመልከቱ፤ ባቄላው ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ነው የሚብላላው። እናቶቻችን የላይሲንን ስም ሳይሰሙ ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁት ነበር። የጾም ምግባችን ድሃ ምግብ ነው የሚል ሰው ካለ ጉልባን አልቀመሰም።

ቁጥሩንም እንይ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት 45 ግራም ገደማ ማለት ነው። መቶ ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ ወደ 25 ግራም ይገኛል፤ ባቄላም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እህሉም በመቶ ግራም 10 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ እንጀራውንም ወጡንም ጠግቦ የሚበላ ጤነኛ አዋቂ፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ቢጾም ከፕሮቲን አይጎድልም። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ግን ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ጾሙ ሲፈታ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ሰው ይተካዋል። (ስለ ዓሣ በየጊዜው የሚነሣውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ለዚህ ልጅ የሚጠቅም ነገር የለውም።)

«ጠግቦ የሚበላ» ያልኩትን ግን ልብ በሉልኝ። ሰውነታችን ስብን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። ሲጎድልበት ከራሱ ጡንቻ ነው የሚያነሣው። ደግሞም ኃይል ሰጪው ምግብ ሲያንስ ሰውነት የመጣለትን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ለቤት መሥሪያ የመጣ እንጨት በብርድ ሌሊት ምድጃ ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ እንደዚያ ነው። እህል ባነሰበት ቤት ሽሮውም ገንቢ መሆኑ ይቀራል። በዋግ ምድር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የ1966ቱን ረሃብ የሚያስታውሱ አሉ። በ1977 እየተንገዳገዱ እስከ ኮረም የሄዱ፣ የሄዱበትም የቀሩ ወገኖቻችንን የማያስታውስ ቤት የለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ድርቁ ነበረ።

በክፉ ቀን ደግሞ ሌላም ፈተና አለ፤ ጓያ። ድርቅን ይችላል፤ ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ከባቄላ አያንስም። ነገር ግን ለወራት እርሱን ብቻ ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለበት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው፣ አብዛኛውም ወጣት፣ በዚህ ተጎድቷል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ገንቢ የተባለ ሁሉ ብቻውን አይገነባም።

ወደ መጽሐፍ ቅዱሳችን እንምጣ። ስለ ጾም ምግብ ስናነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው ነቢዩ ዳንኤልንና ሦስቱን ብላቴኖች ነው። የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በሉ፤ ውኃ ጠጡ፤ ፊታቸውም ከሌሎቹ አምሮ ተገኘ (ዳን. 1፥8-16)። መልካም። ነገር ግን ታሪኩን ስንናገር የምንዘልላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዳንኤል በልቡ የወሰነው ስለ ራሱ ነው። ሌሎቹ ብላቴኖች የንጉሡን ማዕድ ሲበሉ አልከለከላቸውም፤ የእነርሱን ድስት አልደፋም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ዳንኤል ጠባቂውን ዐሥር ቀን ፈትነን፣ ከዚያም ፊታችንን ተመልከት ነው ያለው። እምነት ነበረው፤ ቢሆንም ፊቱ እንዲታይ ፈቀደ! ከስቶ፣ ጠቁሮ ቢገኝ ጠባቂው እንዳየው ሊያደርግ ተስማማ። እንግዲህ የዳንኤልን ጥራጥሬ የምንጠቅስ ከሆነ የዳንኤልን መስፈርትም አብረን እንጥቀስ። የልጁን ፊት እንመልከት።

የልጁ ፊት ምን ይላል? በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ናቸው ተባለ፤ ማለት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ። በአማራ ክልል ግን ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የበለጠ። ልብ በሉ፣ መቀንጨር አጭር መሆን ብቻ አይደለም። አእምሮም አብሮ ይጎዳል። በትምህርት ይዘገያል፤ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቶ ነበር። የቃሉ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። የእኛ ከተማ ስም የተጠራው በማሩ ወይም በውቅር መስቀለ ክርስቶስ አይደለም፤ በተራቡ ሕፃናት ነው። የዋግ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ሐኪሞች የመጀመሪያው 1000 ቀን ይሉታል። ከፅንሱ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ልደት ድረስ ያለውን ነው፤ 270 ቀን በማኅፀን፣ 730 ቀን ከተወለደ በኋላ። የሰው ቁመትና አእምሮ በአብዛኛው መሠረቱ የሚጣለው በዚያ ጊዜ ነው፤ ያመለጠው በኋላ ብዙም አይመለስም። አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እናድርግ። ምእመናን በዓመት የምንጾመው ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ 180 ቀን ያህል ነው። በዚህ ስሌት ከ1000ው ቀን 490 ያህሉ የጾም ቀን ሆኖ ይገኛል። ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ ከሚጀምርበት ከስድስተኛው ወር እስከ ሁለት ዓመቱ ያለው ደግሞ 550 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚህ 270 ያህሉ ጾም ነው። ቤቱ በጾሙ ቀን ሁሉ ለሕፃኑም የጾም ምግብ ብቻ ካቀረበ፣ ልጁ ከሚሠራበት ዘመን ግማሹን ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ያሳልፋል ማለት ነው። እናቱ ይህን አላሰበችም። እኔም ቁጭ ብዬ እስክደምረው ድረስ አላሰብኩትም ነበር።

ጥራጥሬውስ ለልጁ አይበቃውም ወይ? ለአዋቂው የበቃው ለእርሱ የማይበቃው ለምንድን ነው? መልሱ ሆዱ ላይ ነው። የስምንት ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም። የቀጠነ ሽሮ ሲሞላው ውኃ ጠገበ እንጂ ምግብ አልጠገበም። ይህ ልጅ በቀን 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል አለው፤ ከግማሽ በላይ። በዚያ ቅርጫት ውስጥ ከነበሩት ዐሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ! ለነፍሰ ጡሯም እንደዚሁ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከወትሮው በላይ በቀን 30 ግራም ያህል ይጨመርላት ይላሉ፤ ለምታጠባዋም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 20 ግራም ገደማ። እርሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ውላ፣ ማታም ቤተሰቡ በልቶ የተረፈውን የምትበላ ከሆነች ይህ ከየት ይመጣል? ከጡንቻዋና ከደሟ ነዋ።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ይህን አታውቅም ነበር? ታውቃለች። ሕፃናት ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ጾም አይታዘዙም። የታመመ ሰው አይገደድም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለንስሐ አባቷ ተናግራ እንደ አቅሟ ትደረጋለች። የንስሐ አባት የተሰጠን ለዚህ ጭምር ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ውኃ ብቻ መጠጣቱን እንዲተው መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። እንግዲህ ሸክሙን ያከበድነው እኛ ነን፤ በባህል፣ በይሉኝታ፣ በጎረቤት ዓይን። ያቺ እናት የፈራችው እግዚአብሔርን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዙሪያዋን አታይም ነበር። የፈራችው ጎረቤትን ነው።

ስለ ድስቱም ቢሆን እንነጋገር፤ ይህ ጉዳይ በብዙ ቤት ትልቅ ነው። የሕፃኑ ምግብ የተሠራበት ዕቃ ለጾመኛው እንዳይነካ መጠንቀቋ ክፋት የለውም፤ ለጾሙ ያላት አክብሮት ነው። ነገር ግን አንዲት ትንሽ የልጁ ድስት ብትለይ ነገሩ ያልቃል። እንቁላል ደግሞ ከነቅርፊቱ ነው የሚቀቀለው፤ ድስቱን የነካው ውኃ ነው። ለዚህ ነው ልጅ የሚቀነጭረው?

አንድ ጊዜ ይህን ስናገር አንድ አባት ተነሥተው፣ «መምህር፣ የነነዌ ሕፃናትና እንስሳትስ ጾመው የለም ወይ? እናንተ ከነነዌ ሰዎች ትበልጣላችሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ቤቴ ገብቼ ትንቢተ ዮናስን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው፤ ከተማዋ ልትጠፋ ቀን ተቆርጦላት የታወጀ ነው። የእኛ ሕፃናት ግን የሚጾሙት ግማሽ ዓመት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ነው። ዮናስ ሲቆጣ እግዚአብሔር ስለ ከተማዪቱ ሲናገር ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩትን ብዙ ነፍሳት፣ እንስሳቱንም ጭምር ይቆጥርለታል (ዮና. 4፥11)። አባቶቻችን እነዚህን ሕፃናት ናቸው ብለው ይተረጕሙታል። እግዚአብሔር ሕፃናቱን ያነሣቸው እንዴት እንደ ጾሙ ለማመስገን አልነበረም። የሚራራላቸው መሆናቸውን ለመናገር ነው። ነቢዩ ያላያቸውን እርሱ አየ። ያ አባት ዛሬ ቢያገኙኝ ይህን እመልስላቸዋለሁ፤ ይበቃቸው እንደሆነ ግን እንጃ።

ንጉሡ ዳዊትንም አስቡት። በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ ሲሄድ ኦርና በሬዎቹንም እንጨቱንም በነጻ ውሰድ አለው። ዳዊት እምቢ አለ። ምንም ያልከፈልኩበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በዋጋ ገዛው (2ሳሙ. 24፥24)። ጾም መሥዋዕት ነው። መሥዋዕት ደግሞ የሚቀርበው ከራስ ነው። እኔ ከሥጋዬ፣ ከምኞቴ፣ ከጉሮሮዬ አንሥቼ ባቀርብ የእኔ መሥዋዕት ነው። ከሌላ ሰው ክንድና ቁመት ቀንሼ ባቀርብ ግን በሬው የእኔ አይደለም፤ አልከፈልኩበትምና። ሕፃኑ ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም አይገባውም። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ጾም ባስተማረው ትምህርት፣ ሥጋ አልበላም እያለ ወንድሙን የሚበላውን ሰው አጥብቆ ይወቅሳል። ወንድም ከተባለ ልጅማ!

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንናገር። ነገሩ ሁሉ የጾም ጥፋት ቢሆን ኖሮ ጾሙ ሲፈታ ልጁ በወፈረ ነበር። አይወፍርም። በፍስክም እንቁላሉ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው። ዶሮዋ የእርሷ፣ እንቁላሉ የነጋዴው ነው። እንግዳ ሲመጣ ይታረዳል፤ አባወራው ይበላል፤ ልጆቹ መረቅ ያገኛሉ፤ እናት ድስቱን ትጠርጋለች። አባቶች ሆይ፣ ይህ እኛን ይመለከታል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆና በጾም ደክማ ስትወድቅ አይቶ «ጾመኛ ሚስት አለችኝ» ብሎ የሚመካ ሰው አውቃለሁ። እርሱ ግን ከመስክ ሲመለስ ንፍሮው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የጾሙን ዋጋ እርሷ ከፈለች፤ ክብሩን እርሱ ወሰደ።

በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ተመሥርቶ ነበር። ከዚያ የወጣውን ዱቄት ታላላቆቻችን ያውቁታል፤ «ፋፋ» ነው ስሙ። እህሉን ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት ጋር ቀላቅለው፣ ላይሲኑም ሜቲዮኒኑም እንዳይጎድል አድርገው ሠሩት። ስሙን ያወጣ ሰው እንዴት ያለ አማርኛ ያውቃል! ልጅ ሲፋፋ ደስ የማይለው እናት አባት የለም። ዛሬም በጤና ኬላ ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ልጅ ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት የተሠራውን ፕላምፒነት ይሰጡታል። እናቶች ይህን በጾም ለልጃቸው ለመስጠት ብዙም አይከራከሩም፤ «መድኃኒት ነው» ይላሉ። እኔም ይገርመኛል። ልጁ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ወተት መድኃኒት ነው ከተባለ፣ ከሰውነት ሳይወጣ በፊት ቢሰጠው ምን ይባላል?

ሌላም ነገር አለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ዛሬ ጋና በሚባለው አገር እግራቸው ያበጠ፣ ጠጉራቸው የቀላ ሕፃናት ታይ ነበር። የአገሩ ሰዎች በሽታውን ክዋሽዮርኮር ይሉታል፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ጡቱን ለታናሹ ለቅቆ ወደ ቀጭን ገንፎ የተወረወረው ልጅ ነው የሚታመመው። ዛሬ ሊቃውንት መንሥኤው የፕሮቲን እጥረት ብቻ አይደለም ይላሉ፤ ቢሆንም ስሙ ያስተምራል። በየቤታችን ከቦታው የተነሣ ልጅ አለ። አንዱ በታናሹ፣ አንዱ በእንግዳው፣ አንዱ በጨውና በሳሙና፣ አንዱም በእኛ ጾም።

ይህን መጽሔት በከተማ የምታነብቡ ወገኖችም አትቀሩም። በአዲስ አበባ የጾም ምግብ ዛሬ ድግስ ሆኗል፤ የጾም ኬኩ፣ በአኩሪ አተር ወተት የሚፈላው ማኪያቶ፣ በያይነቱ። ፕሮቲኑ ሞልቷል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሁለት ወር የቀረው የሥጋና የወተት ገንዘብ የት ሄደ? ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስ ብሎታል (ኢሳ. 58፥6-7)። የጾመኛ ሰው ምሳ የድሃ ድርሻ ነበር፤ ጾሙ ሲያልፍ ለፋሲካ በግ የሚጠራቀም ቁጠባ አልነበረም። በየሰንበቴው፣ በየማኅበሩ ጠላና ዳቦ ስናወጣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር የባቄላ ዱቄት፣ ለአንድ ሕፃን የሳምንት እንቁላል ብናዋጣ ዝክሩ ይጎድላል? ያቺ እናት እንቁላሉን የሸጠችው ጠልታው አይደለም። ጨው ስለሌላት ነው። ጨውዋን ሌላ ሰው ቢገዛላት እንቁላሉ እቤት ይቀር ነበር።

በኒቆዲሞስ ሳምንት ያንኑ መንገድ ተመልሼ ሄድኩ። በደብሩ ቅጽር ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ልጁ ጭኗ ላይ ነው።

«እንዴት ነሽ እኅቴ? የልጅሽስ ነገር?» አልኳት።

ለንስሐ አባቷ ነግራ ነበር። እሳቸውም እቤት ድረስ መጥተው ጸሎት አድርሰው፣ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት አንሥተው «ይህች የሕፃኑ ናት፤ በዚህች ሥሪለት» ብለዋት ሄዱ። አማቷ ግን እስካሁን ድስቷ ምድጃው አጠገብ እንድትደርስ አልፈቀዱም።

«ታዲያ የት ትቀቅያለሽ?»

«ውጭ ነው፤ ከጎተራው ኋላ ሦስት ጉልቻ ሠርቻለሁ» አለችኝ። «አማቴ ጢሱን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ትናንት ግን ዶሮዋ የጣለችውን ከጎጆዋ አንሥተው፣ ምንም ሳይናገሩ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።